አሜሪካ ውስጥ ቼኪንግ አካውንት እንዴት ይመረጣል?

አሜሪካ በገባሁ በአራተኛው ወር የደረሰኝን የሒሳብ መግለጫ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ቡና፣ 4 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ከሥሩ ቅጣት፣ 35 ዶላር። የአውቶቡስ ካርድ መሙያ፣ 10 ዶላር። ከሥሩ ሌላ ቅጣት፣ 35 ዶላር። ከገጹ ግርጌ ደግሞ የወር አገልግሎት ክፍያ፣ 12 ዶላር። 14 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላወጣሁበት 82 ዶላር ተቆረጠብኝ ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህ ምግብ ቤት ውስጥ ሙሉ ቀን ቆሜ የማገኘው ገንዘብ ነበር።

ባንኩን የመረጠልኝ ከእኔ ስድስት ዓመት ቀድሞ የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። «እኔ ስጠቀምበት አንድም ሳንቲም ወስዶብኝ አያውቅም» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። የእሱ ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ በቀጥታ ወደ አካውንቱ ስለሚገባ የወር ክፍያው ይነሳለታል። ለእኔ ግን የሚከፈለኝ በቼክና በጥሬ ገንዘብ ነበር። አካውንቱ አንድ ዓይነት፣ የገንዘባችን አካሄድ ግን ለየቅል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ለመጣ ዘመድ ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ «ጥሩው ባንክ የቱ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት የራስን ገንዘብ አገባብና አወጣጥ ማወቅ ይቀድማል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ቼኪንግ አካውንት አገር ቤት ተንቀሳቃሽ ሒሳብ የምንለው ነው። አገር ቤት ግን ተንቀሳቃሽ ሒሳብ የሚይዘው በአብዛኛው ነጋዴና ድርጅት ነው፤ ደመወዝተኛው የቁጠባ ሒሳብ ከፍቶ ወለድም ያገኝበታል። እዚህ ደመወዝ የሚገባውም፣ የቤት ኪራይ የሚወጣውም፣ ካርዱ የሚያያዘውም ከቼኪንግ ጋር ነው። ወለዱ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የለም፣ ወይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ቼኪንግ ሲመርጡ ወለዱን ትተው የሚቆረጥብዎትን ይመልከቱ። ወለድ ከፈለጉ ለብቻው የቁጠባ ሒሳብ ይክፈቱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የአንድ ወር ገቢና ወጪዎን በወረቀት ላይ ያስፍሩ

ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት። በግራ በኩል የሚገባውን ከነቀኑና ከነአገባቡ ይጻፉ፦ ደመወዝ በቀጥታ፣ ቼክ፣ የቲፕ ጥሬ ገንዘብ፣ የታክሲ ወይም የኡበር ክፍያ። በቀኝ በኩል የሚወጣውን ያስፍሩ፦ ኪራይ፣ መብራት፣ ስልክ፣ የመኪና መድን፣ ዕቁብ፣ ለቤተሰብ የሚላክ። ከዚያ በወሩ ውስጥ ገንዘብዎ ዝቅ የሚልበትን ቀን ይፈልጉና ይክበቡት። ብዙውን ጊዜ ኪራይ በተከፈለ ማግስት ነው። በዚያ ቀን በእጅዎ የሚቀረው 180 ዶላር ከሆነ፣ የሚመርጡት አካውንት 180 ዶላር ብቻ ይዞ የማይቀጣዎት መሆን አለበት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ንጽጽር ሁሉ በዚህ በከበቡት ቁጥር ላይ ይቆማል።

2. የወር ክፍያውንና የሚነሳበትን መንገድ ያጣሩ

የትልልቆቹ ባንኮች ተራ ቼኪንግ በወር ከ10 እስከ 15 ዶላር ድረስ የሚያስከፍልበት ጊዜ ብዙ ነው። 12 ዶላር በዓመት 144 ዶላር ነው። ሆኖም አንድ መስፈርት ካሟሉ ክፍያው ይነሳል፦ በወር የተወሰነ መጠን ያለው ደመወዝ በቀጥታ ከገባ፣ ወይም የተወሰነ ገንዘብ በአካውንቱ ከተቀመጠ።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ሰውን ያሳስታሉ። አንዳንዱ ባንክ የሚጠይቀው የወሩን አማካይ ቀሪ ሒሳብ ነው፤ ሌላው በየቀኑ ከተባለው መጠን እንዳይወርዱ ይጠይቃል። መስፈርቱ 1,500 ዶላር ነው እንበል። እርስዎ 29 ቀን 2,900 ዶላር አስቀምጠው አንድ ቀን ብቻ ወደ 1,480 ወረዱ። አማካዩ ከ2,800 በላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ባንክ ምንም አይከፍሉም። በሁለተኛው ግን በ20 ዶላር ጉድለት የወሩ ክፍያ ይቆረጣል። ቀደም ብለው የከበቡት ቀን ጥቅሙ እዚህ ይታያል።

«ደመወዝ በቀጥታ ሲገባ» የሚለውም ፍቺ አለው። ከራስዎ ሌላ አካውንት ያዛወሩት ወይም ወዳጅ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) የላከልዎት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም። ኡበር የሚነዱ ከሆነ የእሱ ክፍያ እንደ ደመወዝ ይቆጠር እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ።

የአገልግሎት ክፍያ ዝርዝሩን በእጅዎ ይያዙ። በ1991 የወጣው የቁጠባ እውነታ ሕግ ባንኩ ደንበኛ ላልሆነ ሰው እንኳን ሲጠየቅ ዝርዝሩን እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሁለት ወይም የሦስት ባንኮችን ወስደው ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያንብቧቸው፤ እንግሊዝኛው ከከበደዎ ልጅዎን ወይም ጎረቤትዎን አጠገብዎ ያስቀምጡ። ቆመው፣ ሰልፍ ከኋላዎ እያለ፣ አይፈርሙ።

3. ኦቨርድራፍትን በተመለከተ «አልፈልግም» ይበሉ

እኔን የጎዳኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርዎ። ኦቨርድራፍት ማለት በአካውንትዎ ካለው በላይ ሲያወጡ ባንኩ ጉድለቱን ሸፍኖ መቀጫ የሚወስድበት አሠራር ነው። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት፣ ባንኩ ለኤቲኤምና በካርድ ለሚደረግ የአንድ ጊዜ ግዢ ይህን መቀጫ ሊጥልብዎት የሚችለው አስቀድመው ፈቃድዎን ከሰጡ ብቻ ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው አካውንቱ በሚከፈትበት ሰዓት ነው፤ የሚቀርበውም «ጥበቃ» ወይም «ሽፋን» በሚል የሚያምር ስም ነው። እኔም ጥበቃ ሲባል ማን ይጠላል ብዬ ፈረምኩ። «አልፈልግም» ብል ኖሮ ካርዱ ቡና መሸጫው ላይ እምቢ ይል ነበር፤ ቡናውን ትቼ እሄድ ነበር፤ ነገሩ በዚያ ያበቃ ነበር። ቀድሞ የፈረመ ሰው በማንኛውም ጊዜ ሊሰርዘው ይችላል።

ይህ ደንብ ግን ቼክንና በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያን አይሸፍንም። በእነዚህ ላይ ባንኩ ያለ ፈቃድዎ ሊቀጣ ስለሚችል፣ መጠኑን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጥል፣ ጉድለቱን ለመሙላት የሚሰጠውንም ጊዜ ይጠይቁ። ባንኮች በዚህ ረገድ በእጅጉ ይለያያሉ። ካፒታል ዋንና ሲቲባንክ መቀጫውን ጨርሰው አንስተዋል፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ2022 ከ35 ወደ 10 ዶላር አውርዶታል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ያስገቡት ቼክ በስልክዎ ላይ ስለታየ ገንዘቡ እጅዎ ገብቷል ማለት አይደለም። አካውንቱ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ባንኩ ቼኩን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲይዝ ሕጉ ይፈቅድለታል። ማየት ያለብዎት ጠቅላላውን ሳይሆን «ለወጪ ዝግጁ» የሚለውን ቁጥር ነው።

ገቢዎ ገና ያልተረጋጋ ከሆነ «ባንክ ኦን» የሚል ማረጋገጫ ያለውን አካውንት ይጠይቁ። ይህን ማረጋገጫ ለማግኘት የኦቨርድራፍት መቀጫ ጨርሶ እንዳይኖር፣ የወር ክፍያው ከ5 ዶላር (የሚነሳበት መንገድ ካለው ከ10 ዶላር)፣ መክፈቻው ደግሞ ከ25 ዶላር እንዳይበልጥ ግድ ነው። አብዛኞቹ የቼክ ደብተር አይሰጡም። አከራይዎ ቼክ ካልሆነ የማይቀበሉ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስቡበት። አዲስ ለመጣ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም።

4. ጥሬ ገንዘብ የት እንደሚያስገቡ ይወስኑ

ቅርንጫፍ የሌላቸው የኢንተርኔት ባንኮች ክፍያቸው አነስተኛ ነው፤ ደመወዙ በቀጥታ ለሚገባለት ሰው በጣም ጥሩ ናቸው። በቲፕ ለሚተዳደር ግን ጥሬ ገንዘቡን ማስገባት ራሱ ሥራ ይሆንበታል። እንዲህ ላለው ሰው ከሥራው ወይም ከቤቱ አጠገብ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ኤቲኤም ያለው ባንክ ይሻለዋል።

ዕቁብ የሚደርሳችሁ ሁሉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ክስም ግብርም አይደለም፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መናገር ለሚችል ሰው ምንም አያስፈራም። ወንጀል የሚሆነው ሪፖርቱን ለመሸሽ ሲባል ገንዘቡን መከፋፈል ነው። 14,000 ዶላር ዕቁብ ደርሶት ዛሬ 9,000፣ በሳምንቱ 5,000 እያደረገ የሚያስገባ ሰው፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳን በፌደራል ሕግ ሊከሰስ ይችላል። «ከአሥር ሺህ በታች አድርገህ አስገባ» የሚል ምክር በየቡና ቤቱ ሲሰጥ ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ አትስሙት። ሙሉውን በአንድ ጊዜ ያስገቡ፤ የዕቁቡን መዝገብ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

5. ዕቁብና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ

ዛሬ ብዙው ዕቁብ የሚሰበሰበው በዜል ነው። የዜል የራሱ መተግበሪያ ገንዘብ መላክ ያቆመው ሚያዝያ 1 ቀን 2025 ነው፤ አሁን የሚሠራው በባንክዎ ወይም በክሬዲት ዩኒየንዎ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ዜል የሌለው አካውንት ለዕቁብተኛ አይመችም። በቀን የሚላከው መጠንም ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ፣ መዋጮዎ 1,000 ዶላር ሆኖ ባንክዎ 500 ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ሰብሳቢውን በየወሩ ማስቸገርዎ ነው። በስሕተት ለሌላ ሰው የላኩት ገንዘብ ደግሞ ተመልሶ እንደማይመጣ ቆጥረው ስልክ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

ወደ አገር ቤት ስንልክስ? ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደርና በባንክ ቼክ (ካሺየርስ ቼክ) ተከፍሎ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ የፌደራል ግብር ተጥሏል። ከአሜሪካ ባንክ አካውንት ወይም እዚሁ ከተሰጠ ካርድ የሚከፈል ግን ከዚህ ግብር ነፃ ነው። በወር 300 ዶላር የሚልክ ሰው በጥሬ ገንዘብ ቢከፍል በዓመት 36 ዶላር ይወጣበታል። በየዓመቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነም ካርድዎ በውጭ አገር ሲሠራ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ይዩ፤ 3 በመቶ የተለመደ ነው፤ ምንም የማይቆርጡም አሉ።

6. ገንዘቡን የሚይዘው በእርግጥ ባንክ ነው?

በ1933 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የፌደራል የተቀማጭ ገንዘብ መድን፣ ኤፍዲአይሲ፣ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ይመልሳል። ክሬዲት ዩኒየኖች ተመሳሳይ መድን በኤንሲዩኤ በኩል አላቸው። ክሬዲት ዩኒየን አገር ቤት እንደምናውቀው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለቤቶቹ አባላቱ ራሳቸው ናቸው፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል።

የስልክ መተግበሪያዎች ግን ሁሉም ባንክ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በባንክና በደንበኛ መካከል የቆሙ ድርጅቶች ናቸው። በ2024 ሲናፕስ የተባለው መካከለኛ ድርጅት ሲከስር፣ ባንኮቹ ሳይወድቁ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች የራሳቸውን ገንዘብ ማውጣት አቃታቸው። የኤፍዲአይሲ መድን የሚከፍለው ባንክ ሲወድቅ ስለሆነ አልደረሰላቸውም። የኪራይ ገንዘብዎን እንዲህ ካለ ቦታ አያስቀምጡ። የባንኩን ስም በኤፍዲአይሲ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

7. መክፈት

ፓስፖርት ወይም መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር፣ አድራሻ የሚያሳይ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር የሌለው የውጭ ዜጋ በፓስፖርት ወይም በግብር ከፋይ ቁጥር እንዲከፍት የፌደራል ሕጉ ይፈቅዳል። ባንኮች ግን የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው አንዱ ቢከለክልዎ ሌላውን ይሞክሩ። ቀድሞ ዕዳ ጥለው የዘጉት አካውንት ካለ ስምዎ ቼክስሲስተምስ በሚባለው መዝገብ ለአምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። መዝገቡን በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ ማየት፣ ስሕተት ካለም ማሳረም መብትዎ ነው።

«የእህቴን ልጅ ስም ልጨምር» የሚሉ እናቶች አጋጥመውኛል። እማማ፣ ስሙ የገባ ሰው የገንዘቡ ባለቤት ነው፤ ሙሉውን ሊያወጣ ይችላል። የሚፈልጉት ከሞቱ በኋላ ገንዘቡ እንዲደርሰው ብቻ ከሆነ «ወራሽ» አድርገው ያስመዝግቡት፤ ባንኩ ቅጹን ይሰጥዎታል።

8. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት

አሮጌውን አካውንት ወዲያው አይዝጉ። ደመወዝዎና በራሳቸው የሚቆረጡ ክፍያዎች በሙሉ ወደ አዲሱ እስኪዞሩ ጥቂት ገንዘብ ይተዉበት። በአዲሱ ላይ ቀሪ ሒሳብዎ ከ100 ዶላር ሲወርድ በስልክዎ መልእክት እንዲደርስዎ ያድርጉ። ካርድዎ ቢጠፋ፣ መጥፋቱን ባወቁ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቁ በእርስዎ ላይ የሚቀረው ኪሳራ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ከዘገዩ ወደ 500 ዶላር፣ በጣም ከዘገዩም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። የባንኩን ስልክ ቁጥር ከካርዱ ጀርባ ገልብጠው ሌላ ቦታ ይጻፉት።

ሁለት ንጹሕ መግለጫ ከደረሰዎት በኋላ አሮጌውን ይዝጉ፤ ቀሪው ዜሮ መሆኑንና መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ሳይቀበሉ ከቅርንጫፉ አይውጡ።