የትራፊክ ክስ ሲደርስዎት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አሽከርካሪዎች

በደሴ ከፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጬ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። በትራፊክ ጉዳይ የሚመጡብኝ ሾፌሮች፣ የመኪና ባለቤቶችና የባጃጅ ነጂ ወላጆች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አብዛኞቹ ጉዳያቸው የተበላሸው ገና ችሎት ፊት ሳይቀርቡ፣ መዝገባቸው በየትኛው መሥሪያ ቤት በምን ቁጥር እንደተያዘ ሳያውቁ ቀን ስላለፈባቸው ነው። በአንድ ጠዋት ሊስተካከል የሚችል ነገር ሰውን ለወራት ሲያመላልስ ማየት ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ አቀርባለሁ።

ወረቀቱን ሳያነቡ ማጠፍ

አንድ የአይሱዙ ሾፌር የክስ ወረቀቱን ከመሪው በላይ ባለው የፀሐይ መከለያ ሰክቶ ሁለት ወር ካቆየው በኋላ አመጣልኝ። የካርቦን ግልባጭ ስለሆነ ደብዝዟል፤ የቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ ደግሞ በትክክል እጥፋቱ ላይ ወድቃለች። «ጋሼ፣ ይቺ አንድ ናት ወይስ ሰባት?» አለኝ። ወደ ብርሃን አንስቼ ባየውም መለየት አልቻልሁም። በሁለቱም ቁጥር እንዲፈለግለት ሁለት ማመልከቻ ጻፍሁለት፤ እስኪገኝ ድረስ ሦስት ቀን ከሥራው ቀረ።

ወረቀቱን እንደተቀበሉ እዚያው ቆመው ያንብቡት። ስምዎ እስከ አያት፣ የመንጃ ፈቃድዎ ቁጥር፣ ታርጋው ከነኮዱ፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ተላልፈዋል የተባለው ድንጋጌና የተሰጠዎት ቀነ ገደብ በትክክል መጻፋቸውን ይመልከቱ። ኮድ 3 አማ የሆነው መኪና ኮድ 2 ተብሎ ከተጻፈ ፍለጋው የሌላ ሰው የቤት መኪና ላይ ያርፋል። ስህተት ካዩ እዚያው በትሕትና እንዲታረም ይጠይቁ፤ ፊርማ ከተጠየቁም ከፊርማው ቦታ በላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ጥፋቱን አምኛለሁ የሚል ቃል ሊኖርበት ይችላልና። ከዚያም ወረቀቱን በዚያው ዕለት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

በቴሌግራም ከሚዞሩ የቆዩ የቅጣት ሠንጠረዦችም ይጠንቀቁ። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ደንብ ቁጥር 208/2003 በደንብ ቁጥር 557/2016 ተተክቷል፤ አሮጌውን ሠንጠረዥ ይዞ «ከዚህ በላይ አትቀጡኝም» እያለ የሚከራከር ሰው በራሱ ላይ ነገር ያከብዳል።

ጥፋቱ የተፈጸመበትን ቦታ አለመለየት

የደሴ ሰው ስለሆነ ብቻ ክሱ ደሴ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 99 ያስቀመጠው መርሕ ግን ጉዳዩ የሚታየው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ነው የሚል ነው። የመኖሪያ አድራሻዎም ሆነ መንጃ ፈቃድ ያወጡበት ከተማ ይህን አይለውጠውም።

በእኛ አካባቢ ይህ ነገር ትልቅ ትርጉም አለው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎን ወርዶ ሲጨርስ አሽከርካሪው ከአንዱ ከተማ አስተዳደር ወጥቶ ወደ ሌላው ገብቷል። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ሐርቡን አልፈው ከሚሴ ከደረሱ፣ ወይም ወደ ምሥራቅ ታጥፈው ባቲ ከገቡ፣ ያሉት በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ነው። ወደ ሰሜን ሐይቅንና ውጫሌን አልፈው መርሳ ሲደርሱ ደግሞ ሰሜን ወሎ ገብተዋል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ሐረጎ» ወይም «ባቲ መንገድ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ የጻፈው ትራፊክ ፖሊስ ከየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደተሰማራ ጠይቀው ይመዝግቡ፤ ፍለጋውም የሚጀመረው ከዚያ ነው። በአፋን ኦሮሞ በሚያስችል ፍርድ ቤት ከተከሰሱና ቋንቋውን የማያውቁ ከሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ሦስቱን ቁጥሮች ማደባለቅ፣ ስሙንም «ያው ነው» ብሎ መተው

ጉዳዩ በቅጣት ወረቀት ብቻ የሚያልቅ ካልሆነና ወደ ፍርድ ቤት ከሄደ፣ አንድ ነገር በሦስት ቤት ሦስት ቁጥር ይይዛል። ፖሊስ የምርመራ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዐቃቤ ሕግ የራሱን ቁጥር ያወጣለታል፤ ክሱ ሲከፈት ፍርድ ቤቱ ሌላ ቁጥር ያኖርበታል። ባለጉዳዩ የፖሊሱን ቁጥር ይዞ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ «የለም» ሲባል ክሱ የቀረለት መስሎት ደስ ብሎት ይመለሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ደስታ ነው፤ መዝገቡ በሌላ ቁጥር እየሄደ፣ መጥሪያው እየወጣ ነውና። የክስ ማመልከቻው ግልባጭ እጅዎ ከገባ ቁጥሮቹ ብዙውን ጊዜ ከላይ በራስጌው ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ሦስቱንም የየትኛው መሥሪያ ቤት መሆናቸውን ጨምረው በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ቁጥር የጠፋበት ሰው መዝገቡ በስም እንዲፈለግለት ያደርጋል፤ የስም ፍለጋ ደግሞ በፊደላችን ምክንያት ራሱን የቻለ ችግር አለው። ሰይድ በሌላ እጅ ሠይድ ሆኖ ይጻፋል፤ ሐሰን ሃሰን፣ ዓሊ አሊ፣ ጸጋዬ ፀጋዬ ይሆናል፤ መሐመድማ መሀመድ፣ መሃመድ፣ ሙሐመድ እየተባለ ስንት መልክ አለው። ለዓይን ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን እንደ ሌላ ሰው ይቆጥረዋል፤ በእጅ በሚገለጥ መዝገብም ቢሆን በፊደል ተራ የተደረደረው ስም ሌላ ገጽ ላይ ይወድቃል። አንዲት እናት የባጃጅ ነጂ ልጇን መዝገብ ስታፈላልግ ሁለት ጊዜ «አልተገኘም» ተብላ ተመልሳ ነበር። የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ ኮፒ አይቼ፣ የልጁ አባት ስም በዐይኑ «ዐ» መጻፉን፣ እሷ ያስጻፈችው ማመልከቻ ግን በአልፋው «አ» መሆኑን አሳየኋት። «አብሽሪ እናቴ፣ ሦስተኛ ጊዜ አትመለሺም» ብዬ በማመልከቻው ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ አስገባሁላት፤ መዝገቡም በዚያው ጠዋት ወጣ።

ስለዚህ የመዝገብ ፍለጋ ማመልከቻ ሲያጽፉ ስምዎን በመንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ያስጽፉ፣ ሌሎቹን አጻጻፎችም ይጨምሩ፤ ታርጋውን፣ ቀኑንና ቦታውን አይርሱ። መዝገብ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ተራራ የሚያህል ወረቀት መካከል ነው የሚውሉት፤ ከእጃቸው የሚገባው መረጃ የተሟላ ሲሆን ፍለጋቸው ይቀላል፣ ልባቸውም ይራራል።

ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር። ፍርድ ቤቱና ፖሊሱ የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ሲሆን የባንክ ደረሰኝና የስልክ ፎቶ ግን በፈረንጆቹ ቀን ይታተማል። ከጥር እስከ ነሐሴ 8 ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ 7 ዓመት ያህል ልዩነት ስላለ፣ ደረሰኝ ሲያያይዙ በማመልከቻው ውስጥ የሁለቱንም ቀን አመሳክረው ያስጽፉ።

ገንዘቡን ከፍሎ ነገሩ አለቀ ማለት

በመንገድ ላይ ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ገንዘብ ቅጣት አይባልም፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም ወንጀል ነው፣ ክሱንም አይዘጋውም። በሕጋዊ መንገድ የከፈለ ሰውም ቢሆን ደረሰኙን ወደ ክሱን ወደያዘው ጽሕፈት ቤት ወስዶ መከፈሉ በስሙ እንዲመዘገብለት ካላደረገ፣ በባንክ ወይም በስልክ የገባው ገንዘብ ከየትኛው ክስ ጋር እንደተያያዘ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። በተጨማሪም ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የጥፋት ሪከርድ ነጥብ በአሽከርካሪው ስም ይመዘገባል፤ ነጥቡ እየተደመረ ሲሄድ መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድና እስከ መሰረዝ ያደርሳል። ያልፈጸሙትን ጥፋት «ከመመላለስ ልክፈልና ልገላገል» ብለው የሚያምኑ ሾፌሮች ይህን ያስቡት። በመሪ የሚያድር ሰው መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው።

ባዶ እጅ መከራከር

ጥፋቱን የማያምኑ ከሆነ ተቃውሞዎን በጽሑፍና በቀነ ገደቡ ውስጥ ያቅርቡ። «ትራፊኩ ጠምዶኛል» የሚል ማመልከቻ ስንት ጊዜ ጻፍልኝ ተብዬ እምቢ ብያለሁ፤ ዳኛም ሆነ ኃላፊ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሊወስን የሚችለው ነገር የለም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር ስሄድ መታጠፍን የሚከለክለው ምልክት በግንባታ አጥር ተሸፍኖ ነበር፤ በዕለቱ ከቀኑ 8፡30 ሰዓት ላይ ያነሳሁትን ፎቶ አያይዣለሁ፤ አብረውኝ የነበሩ ሁለት ሰዎችም ይመሰክራሉ።» ትርፍ ጭነሃል ለተባለ የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር ደግሞ ከመናኸሪያ የተሰጠው የመውጫ ወረቀት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ማመልከቻውን ሲያስገቡ በእርስዎ ቅጂ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም ያስደርጉ፤ ይህ ሳይኖር «አስገብቼ ነበር» ማለት ዋጋ የለውም።

በአደጋ ጊዜ እርቁ መዝገቡን ይዘጋዋል ብሎ ማመን

ሰው የተጎዳበት ጉዳይ ከሌላው ሁሉ የተለየ ነው፤ ስህተቱም የከፋ ነው።

መጀመሪያ፣ የተጎዳውን ለመርዳት ካልሆነ በቀር ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሳያነሳ መኪናውን አያንቀሳቅሱ። ፈርቶ ከስፍራው መሸሽ ጥፋት የሌለበትን ሰው እንኳ ጥፋተኛ ያስመስላል፣ ራሱን የቻለ ወንጀልም ነው። ፖሊስ ጣቢያ ቃል ሲሰጡ ያለመናገር መብት እንዳለዎትና የተናገሩት በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል ይወቁ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያረጋገጠው ነው። ቃልዎ ተጽፎ ሲነበብልዎ ያላሉት ነገር ከገባ ሳይታረም አይፈርሙ። ለመድን ድርጅትዎም ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ለዚህ ቀን ነው።

ወደ እርቁ ስመጣ፣ በወሎ አበጋሮችና ሽማግሌዎች መካከል ገብተው ደም የሚያደርቁበት ወግ የምኮራበት ወግ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ቂም ይዞ እንዳይኖር አድርጓል። ነገር ግን የሰው ሕይወት በጠፋበት ጉዳይ የዐቃቤ ሕግ ክስ በቤተሰብ ይቅርታ አይቋረጥም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ በመተላለፍ ሲሆን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ታርቀናል ብሎ ከቀጠሮ የቀረ ሾፌር በፖሊስ ተይዞ ሲቀርብ አይቻለሁ፤ ያ ሁሉ ካሳና ያ ሁሉ የሽማግሌ ድካም በችሎቱ ፊት አንዲት ወረቀት አልነበረውም። እርቁ ጥቅም የሚኖረው በጽሑፍ ሲሆን ነው። ለተጎጂው የሰጡት እርዳታና የከፈሉት ካሳ በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ሊቀርብ ስለሚችል፣ የእርቅ ሰነዱ በሽማግሌዎቹና በቤተሰቡ ተፈርሞ፣ የሕክምና ደረሰኞቹም ተያይዘው ይቀመጡ።

የመኪናው ባለቤት ደግሞ ሾፌሩ ነጻ ተባለ ብሎ አይዘናጋ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በአንቀጽ 2149 መሠረትም የወንጀል ችሎቱ ነጻ ማለቱ የፍትሐ ብሔር ዳኛውን አያስገድደውም። ተጎጂው የካሳ ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ በአንቀጽ 2143 በመርሕ ሁለት ዓመት ነው፣ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ ወንጀሉ ከዚህ የረዘመ የይርጋ ጊዜ ካለው ግን የሚሠራው ያ ነው፤ ስለዚህ የወንጀል መዝገቡን ግልባጭ ሁለቱም ወገኖች አውጥተው ቢይዙ ይበጃቸዋል።

ቀጠሮንና የይግባኝ ጊዜን ማሳለፍ

በቀጠሮ ቀን መኪና ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበርሁ ማለት ምክንያት አይሆንም፤ ከቀኑ በፊት በማመልከቻ ለውጥ ይጠይቁ። ችሎት ቀርበው የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቁም ክሱ ሙሉ በሙሉ ተነቦልዎ ሳይገባዎት «አዎ» አይበሉ። የተዘረዘረውን ሁሉ ካመኑ ፍርድ ቤቱ በዚያው ጥፋተኛ ሊልዎት ይችላል፤ ገጭቻለሁ ማለትና በቸልተኝነት ገጭቻለሁ ማለት ደግሞ አንድ አይደሉም።

በደቡብ ወሎ ውስጥ ባለ የወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ካልተስማሙ ይግባኙ ደሴ ላይ ወደሚያስችለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ማለትዎን ውሳኔው በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ያስታውቃሉ፣ የውሳኔውን ግልባጭ ካገኙ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ያስገባሉ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው 30 ቀኑን ብቻ ስለሆነ በ15ኛው ቀን ይወድቃል። ውሳኔው በተነበበበት ዕለት፣ ከችሎት እንደወጡ ወደ ቤትዎ ሳይሄዱ ወደ መዝገብ ቤት ይሂዱና የግልባጭ ጥያቄዎን ያስገቡ፤ ጥያቄው የገባበት ቀን የተመታበትን ቅጂም ከመንጃ ፈቃድዎ ጋር ያኑሩት።