የፌዴራል ሠራተኛው ወደ ቢሮ ይመለስ? ስንከራከር የምንሳሳትባቸው ነጥቦች

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ ፈጽመው ብዙም ሳይቆዩ የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች በሙሉ ጊዜያቸው ወደ ቢሮ እንዲመለሱ የሚያዝ ሰነድ ፈረሙ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከልም ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልበረደም። መከራከሩ ደግ ነው። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችን ከተሳሳተ ቦታ መነሣታችን ነው። የሰው እንጀራ የተንጠለጠለበት ጉዳይ በግምት ሊወራ አይገባም።

“ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚከፈለው” ማለት

የዋይት ሐውስ የበጀት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2.28 ሚሊዮን ገደማ ሲቪል ሠራተኞች 54 በመቶ የሚሆኑት የሥራቸው ጠባይ ስለሚያስገድዳቸው ሙሉ በሙሉ በአካል ተገኝተው ይሠሩ ነበር። በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚፈትሽ ሠራተኛ፣ በቄራ ሥጋ የሚመረምር ባለሙያ ሥራቸውን ከሳሎን ሆነው ሊያከናውኑት አይችሉም። ቋሚ የርቀት ሠራተኞች ከጠቅላላው 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። በከፊል ከቤት እንዲሠሩ የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ ከሥራ ሰዓታቸው 60 በመቶ ያህሉን ያሳለፉት በቢሮ ነው። ስለዚህ “ሁሉም” የሚለው ቃል ከክርክሩ ይውጣ።

ከቤት የሚሠራውንና የርቀት ሠራተኛውን አንድ ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ከቤት የሚሠራው ሰው የተመደበበት መሥሪያ ቤት አለው። በሁለት ሳምንቱ የደመወዝ ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው ቢያንስ ሁለት ጊዜ እዚያ ይገኛል፤ የአካባቢ ደመወዙም (እንደ ሥራው አካባቢ የሚለያየው የደመወዙ ክፍል) የሚሰላው በዚያው ቢሮ ነው። የርቀት ሠራተኛ ግን በሕጋዊ ሰነዱ የሥራ ቦታው ተብሎ የተመዘገበው ቤቱ ነው፤ ደመወዙም የሚኖርበትን ከተማ ይከተላል። ለመጀመሪያው “ተመለስ” ማለት የመንገድና የልጅ ጥበቃ ጣጣ ነው። ለሁለተኛው ግን የሚመለስበት ቢሮ ላይኖር ይችላል፤ ቤት መሸጥን፣ የትዳር ጓደኛን ከሥራ ማስለቀቅን፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ማዛወርን ሊያስከትል ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው የማንንም ችግር አልተረዳም።

“ኮቪድ ያመጣው ልማድ ነው” ማለት

አይደለም። የፌዴራል ሠራተኞች ከቤት ሆነው ስለሚሠሩበት ሁኔታ የሚደነግገው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ደግሞ የንግድ ምልክት መርማሪዎቹን ከቤት ማሠራት የጀመረው በ1997 ነበር።

ወንበር መሙላትን እንደ ሥራ መቁጠር

እነዚያ መርማሪዎች የሚመዘኑት በጨረሱት ማመልከቻ ብዛትና ጥራት ነው፤ የትም ተቀምጠው ይሥሩት። ለሌላውም ሥራ ተገቢው ጥያቄ ባለጉዳዩ በወቅቱ ተስተናገደ ወይ የሚለው ነው። በተቃራኒው ወገን ያሉትም ይሳሳታሉ። አዲስ ተቀጣሪ ከአንጋፋው ጎን ተቀምጦ የሚቀስመውን ዕውቀት በስክሪን ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህንን የሚክድ ሰው ጀማሪ ሠራተኛ አሠልጥኖ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ባዶ ሕንፃን እንደ በቂ ምክንያት ማቅረብ

የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ24 ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች 17ቱ ከዋና መሥሪያ ቤታቸው የሚጠቀሙት በአማካይ ሩብ ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ነበር። ይህ እውነተኛ ብክነት ነው። ሆኖም ይኸው መሥሪያ ቤት የፌዴራል ሕንፃዎችን አያያዝ አሳሳቢ ብሎ የመዘገበው በ2003፣ ማንም ስለ ወረርሽኝ ሳያስብ ነው። የዋሽንግተን ከንቲባ ሙሪየል ባውዘርም በ2023 ያሉት ወይ ሠራተኞቹን መልሱ ወይ ሕንፃዎቹን ልቀቁ ነበር። ሁለተኛው አማራጭ ሁልጊዜ ይረሳል።

ቦታ ሳያዘጋጁ መጥራትም ሌላ ብክነት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ሠራተኞቹ ሲመለሱ የመኪና ማቆሚያው ሞልቶ፣ በመግቢያው ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ፣ ወንበር ያጡም ነበሩ።

ከራስ ኪስ ብቻ ማየት

በዋሽንግተን መሀል ከተማ በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲና በምግብ ቤት ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ቢሮዎቹ ሲራቆቱ ገቢያቸው አብሮ ተጎድቷል፤ የሠራተኛውን መመለስ ቢደግፉ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። በሌላ በኩል የፌዴራል ሠራተኛ የሆነችው እህታችን ጠዋትና ማታ በአውራ ጎዳና ተሰልፋ ልጇን ከመዋያ የምታወጣበት ሰዓት ያልፍባታል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም የሚኖሩበት ጊዜ አለ። አንዱ ሌላውን ሰነፍ ወይም ስግብግብ ከማለቱ በፊት የሌላውን ወጪ ይጠይቅ። ከፌዴራል ሠራተኛው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዋሽንግተን አካባቢ ውጭ እንደሚኖርም አንርሳ፤ የእኛ መሀል ከተማ የሀገሪቱ ሁሉ መለኪያ አይደለም።

የሠራተኛ ቅነሳን ከቢሮ ሥራ ጋር መቀላቀል

ትራምፕ የመንግሥትን ወጪ እንዲቀንሱ የመረጧቸው ኢሎን መስክና ቪቬክ ራማስዋሚ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በጋዜጣ በጻፉት ጽሑፍ፣ ሠራተኛው አምስት ቀን ቢሮ እንዲገባ ቢገደድ ብዙዎች በፈቃዳቸው እንደሚለቁና ይህንንም በደስታ እንደሚቀበሉት በግልጽ አስቀምጠዋል። ሠራተኛ መቀነስ ራሱን የቻለ ፖሊሲ ነው፤ በራሱ ስም ይቅረብና እንከራከርበት። የአገልግሎት ጥራት በሚል ስም ሲመጣ ግን የመጀመሪያዎቹ ተሰናባቾች ሌላ ቦታ ቶሎ ሥራ የሚያገኙት ጎበዞቹ ይሆናሉ፤ ይህም ጥራትን የሚጎዳ ነው።

“ትእዛዝ ነው፣ ምንም አማራጭ የለም” ብሎ መቀመጥ

ትእዛዙን ለማስፈጸም የወጣው መመሪያ በአካል ጉዳት፣ በሕመምና በሌላ አሳማኝ ምክንያት የተለየ ሁኔታ ሊፈቀድ እንደሚችል ይገልጻል፤ የወታደር ባለትዳሮችንም ለይቶ አስቀምጧል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀው እ.ኤ.አ. የ1973ቱ ሕግም አልተሻረም። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው አስቀድሞ የሥራ ቦታው ተብሎ የተመዘገበው የት እንደሆነ በሰነዱ ላይ ያረጋግጥ፤ ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያቅርብ፤ የሐኪም ማስረጃ ያያይዝ፤ ማኅበር ካለውም ተወካዩን ቀደም ብሎ ያነጋግር።