መጣል ወይስ ማቁሰል? ምርጫውን ለተመታው ስጡት

በምናባዊ የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ወስደው ድርጊታቸው መሳካቱን በዳይስ የሚወስኑበት ጨዋታ) ላይ አንድ ተጫዋች «ሰይፉን ከእጁ ላስጥለው» ሲል፣ ብዙ የጨዋታ መሪዎች (ታሪኩን የሚመሩትና ጠላቶቹን የሚያንቀሳቅሱት) መጀመሪያ የሚያስቡት ቅጣት ነው። «እሺ፣ ከዳይስህ ላይ 5 ቀንስ» ይሉታል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በባለ 20 ገጽ ዳይስ እያንዳንዱ ቁጥር 5 በመቶ ነው። ለመምታት 11 እና ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ዕድሉ 50 በመቶ ነበር፤ አሁን 25 ብቻ ቀረው። ታዲያ ማን ደግሞ ይሞክራል? ሁሉም ወደ ተራ ምት ይመለሳል።

ቅጣቱን ተዉት። ተጫዋቹ እንደ ወትሮው ያጥቃ። ከመታ፣ የተመታው ይምረጥ፦ ወይ ሰይፉ ይወድቃል፣ ወይ ሙሉ ጉዳቱን ይቀበላል። ሁለቱም አንድ ላይ አይደርሱበትም። በዚህ መንገድ የተሳካ ምት በከንቱ አይቀርም፤ ግዙፍ ዘንዶም በአንድ ዕድለኛ ዳይስ ብቻ አይሸነፍም። ክፉኛ የቆሰለ ጠላት ግን ከመሞት ሰይፉን መጣል ይሻለዋል። እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው፤ ፍልሚያው ወደ መጨረሻው ሲጠጋ እየጣፈጠ ይሄዳል።

ሕጉ ለጭራቆቹም እኩል ይሥራ። ለተጫዋቾቹም ፍልሚያው ሳይጀመር ንገሯቸው፤ መሃል ላይ ከሆነ ጭቅጭቅ ያመጣል።