ልጅ ዘግይቶ አዲስ ትምህርት ቤት ሲገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቤት ስንቀይር ትምህርት ከተጀመረ 7 ሳምንት ሆኖት ነበር። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። በመጀመሪያው ቀን ልወስዳት ስሄድ ሰላም እንኳ ሳትለኝ እጄን ይዛ ትጎትተኝ ጀመር። ቤት እንደገባን ቦርሳዋን መሬት ጥላ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች። ለካ ቀኑን ሙሉ ይዛው ነው የዋለችው። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ያሳያት ሰው የለም፤ እሷም መጠየቅ አፍራለች። እኔ ሌሊቱን ስጨነቅ ያደርኩት ስለ ሒሳቧ ነበር።

አጋማሽ ላይ የገባን ልጅ መጀመሪያ የሚከብደው ቦታውንና ሰዉን አለማወቁ ነው። አብዛኛው ስህተታችን ይህን ከመርሳት ይመጣል።

ግቢውን ሳያይ ክፍል ማስገባት

ሌሎቹ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም አብረው ተለማምደዋል። ለእሱ ግን ማንም ተመልሶ አያስረዳውም። ስለዚህ ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ውሰዱት። ሽንት ቤቱን፣ ውኃ የሚጠጣበትን፣ ምሳ የሚበላበትን፣ ማታ የምትገናኙበትን በር ይይ። ከክፍሉ ሽንት ቤት ድረስ ራሱ እየመራ ይውሰዳችሁ። ለመውጣት እንዴት እንደሚፈቀድም ጠይቁለት፤ እጅ ማውጣት ብቻ ይበቃል ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ያመለጠውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለማካካስ መሯሯጥ

ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። የሌላ ልጅ ደብተር ተውሼ ማታ ማታ አስገለብጣት ነበር። እጇ እስኪዝል ጻፈች፣ ያወቀችው ነገር ግን የለም። መገልበጥ ማጥናት አይደለም።

ትምህርቶቹ እኩል አይደሉም። በታሪክ ወይም በጂኦግራፊ አንድ ምዕራፍ ቢያመልጠው የሚቀጥለውን መከታተል ብዙም አይከብደውም። ሒሳብ ግን ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ አስርዮሽና መቶኛ ላይ ሲደርስ መንገዳገዱ አይቀርም። ማንበብም እንደዚሁ ነው፤ አቀላጥፎ የማያነብ ልጅ በሁሉም ትምህርት ይቸገራል። ስለዚህ ጉልበታችሁን እነዚህ ሁለቱ ላይ አድርጉ።

መምህሩን «ምን ምን አመለጠው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ረጅም ዝርዝር ነው የሚሰጧችሁ። «አሁን የምታስተምሩትን ለመከታተል የግድ ማወቅ ያለበት ምንድን ነው?» በሉ። የድሮ ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ። የትምህርት ቤቶች ቅደም ተከተል ይለያያል። አመለጠው ያላችሁትን እዚያ ቀድሞ ተምሮት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ በቀን 20 ደቂቃ፣ ሳያቋርጡ፣ ይበቃል።

ሰኞን መጠበቅ

ወረቀቱ ይሟላ፣ ዕቃው ይፈታ፣ ሰኞ ይጀምር እያልን ቀኑን እንገፋዋለን። እኔ ረቡዕ ወይም ሐሙስ መጀመር ይሻላል እላለሁ። ሁለትና ሦስት ቀን ገብቶ ያረፈ ልጅ ሰኞን አይፈራውም። መልቀቂያውንና የውጤት ካርዱን ከድሮው ትምህርት ቤት ሳትወጡ ተቀበሉ፣ የክትባት ካርዱን ከዕቃ ጋር አትጠቅልሉ። የጎደለ ካለ ደግሞ ወረቀቱ እስኪመጣ ልጁ ክፍል መግባት ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

ለመምህሩ ሳይናገሩ መቅረት

አስም ካለበት፣ የማይስማማው ምግብ ካለ፣ ከሩቅ ማየት ከተቸገረ በመጀመሪያው ቀን ይነገር። ግን ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ እየሰማ «ዓይናፋር ነው፣ አይናገርም» አትበሉ። ያንን ስም ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። አንድ ነገር ለምኑ፦ አጠገቡ የሚቀመጥና በእረፍት ሰዓት አብሮት የሚወጣ አንድ ልጅ ይመደብለት። ለመጀመሪያው ወር አንድ ጓደኛ ከበቂ በላይ ነው።

ዝም ሲል መደናገጥ

የሚማርበት ቋንቋ ለልጁ አዲስ ከሆነ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ላይናገር ይችላል። ብዙ ልጆች መጀመሪያ ይሰማሉ፣ ኋላ ይናገራሉ። «ቶሎ እንዲለምድ» ብላችሁ ቤት ውስጥ በቋንቋችሁ ማውራት አታቁሙ። በአንድ ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ያንን ችሎታ ወደ ሁለተኛውም ይዞት ይሄዳል።

«እንዴት ዋልክ?» ብሎ መተው

መልሱ «ደህና» ነው፣ አለቀ። «ምሳ ስትበላ አጠገብህ ማን ነበር?» «ዛሬ ማን አሳቀህ?» ብትሉት ግን ወሬው ይመጣል። ስለ ድሮ ጓደኞቹ ሲያነሳ «እርሳቸው አሁን» አትበሉት። ደውሉለት፣ ያውሩ።

እንቅልፉን መርሳት

ቤት ሲቀየር የመኝታ ሰዓት ይበላሻል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ዕቃ ስትፈቱ መጀመሪያ አልጋውን አንጥፉለት።

የጠዋት ሆድ ቁርጠትን እንደ ማታለል ማየት

ጭንቀት እውነተኛ የሆድ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ «ውሸትህን ነው» አትበሉት። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ምንም ካልተገኘ፣ ሕመሙ የሚመጣባቸውን ቀናት ጻፉ። ቅዳሜና እሑድ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ያለው ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራራው ወይም የሚመታው ልጅ እንዳለ በእርጋታ ጠይቁት።

የልጄ ሕመም ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነበር የሚመጣው። የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሟን አውጥቼ ሳየው በሁለቱም ቀን ስፖርት አለ። ልጆቹ ቡድን ሲመርጡ ሁልጊዜ መጨረሻ የምትቀረው እሷ ናት። ለመምህሯ ነገርኳቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቡድኑን ራሳቸው መመደብ ጀመሩ፣ ሆድ ቁርጠቱም በዚያው ቀረ።