ከነተከራዩ ቤት ለወረሳችሁ

ከወላጅ የወረሳችሁት ወይም የገዛችሁት ቤት ሰርቪሱ ላይ ተከራይ ካለበት፣ ኪራይ ከመጨመራችሁም ሆነ «ልቀቁ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ወረቀት አዘጋጁ። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቄያለሁ።

ከእያንዳንዱ ተከራይ ጋር ለየብቻ ተቀመጡና ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖር፣ ስንት እንደሚከፍል፣ ቅድሚያ የሰጠው ብር ካለ መጠኑን፣ የመብራትና የውሃ ሂሳብ እንዴት እንደሚካፈሉ ጻፉ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ይህን በደንብ አብራሩት፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው። «አባትህ ፈቅደውልኝ ነበር» የሚባል ነገር ካለም እዚያው ይስፈር። ማድቤቱን መጠቀም፣ ጊቢ ውስጥ መኪና ማቆም፣ ምንም ይሁን። ሁለታችሁም በምስክር ፊት ፈርሙ። የክፍሉን ግድግዳና በር ፎቶ አንሱ።

ከዚያ በኋላ ነው ውል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ይግባ። ወራሾች ብዙ ከሆናችሁ ለአንዳችሁ ውክልና ስጡ፤ አለበለዚያ ተከራዩ «ለእህትህ ከፍያለሁ» ሲል መልስ አይኖራችሁም።

የቱንም ያህል ቢያስመርሯችሁ መብራት ወይም ውሃ አትቁረጡ። ልጆች ያሉበት ቤት ነው፤ ደግሞም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ እውነታችሁን ያበላሽባችኋል።