ጣና ዳር የተርብን ስም እንዴት እንሰበስባለን?

ውሃ ዳር የሚበረውን፣ ረጅም ሰውነትና አራት ክንፍ ያለውን የማይነድፍ ተርብ ሕዝቡ ምን ብሎ እንደሚጠራው እየጠየቅኩ ነበር። የመጀመሪያው ደብተሬ ላይ 23 ሰዎች «የውሃ ተርብ» ብለዋል። ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ስሙን ቀድሜ የምናገረው እኔው ነኝ። «ይሄ የውሃ ተርብ ነው አይደል?» ስል፣ እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና ሁሉም «አዎ ልጄ» ብሎ ሸኘኝ። ሁለት ሳምንት ከንቱ ቀረ።

ተርብ ፀሐይ ካልሞቀው አይበርም። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ውጡ። ደንገል ያለበት ዳር ምረጡ፤ ባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ በኩል ወይም ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ይበቃል። ጉማሬ ስላለ ብቻችሁን አትሂዱ። በባዶ እግር ውሃ መግባትም ቢልሃርዚያን መጋበዝ ነው፤ ቦቲ አድርጉ።

ደብተር፣ እርሳስ፣ ስልክ ያዙ። እስክሪፕቶ ውሃ ሲነካው ይፈሳል። መረብ ለጀማሪ ክንፍ መስበሪያ ነው ባይ ነኝ፤ ፎቶ ይሻላል። አንድ ከላይ፣ አንድ ከጎን አንሱ። ወፍራምና ቀጭን፣ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። ሲያርፍ ክንፉን ዘርግቶ የሚቀመጠው ወፍራሙ ነው። ቀጭኑ አብዛኛውን ጊዜ ክንፉን ጀርባው ላይ ያጥፋል፣ ዓይኖቹም የተራራቁ ናቸው። ሳይንስ ሁለቱንም ኦዶናታ በሚባል አንድ ክፍል ያስገባቸዋል። ሕዝቡ ግን አንድ ያድርጋቸው ወይስ ይለያቸው፣ የምትጠይቁት ይህንን ነው።

አስቸጋሪው መጠየቁ ነው። በምንም ዓይነት ስም አትጥሩ። የሚበረውን በጣት አሳዩና «አባባ፣ ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» በሉ። ከዚያ ዝም። ዝምታው ይከብዳል፣ ግን ቻሉት። «ተርብ» ካሏችሁ ገና አልጨረሳችሁም፤ የሚነድፈውም ተርብ ነዋ! የሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ «የትኛው ነው?» በሉ። «ይነድፋል ወይ?» ብቻውን አያዋጣም። የእኛው ተርብ መንደፊያ የለውም፣ ስሙን ሰምቶ የሚፈራው ሰው ግን ብዙ ነው።

ቀለም ላይም ተጠንቀቁ። በአንዳንድ ዝርያዎች ወንዱ ደማቅ ቀይ፣ ሴቷ ቢጫ ቡናማ ናት። ሰዎች ሁለት ስም ቢሰጡ ሁለቱንም ጻፉ፤ «አንድ ናቸው እኮ» ብላችሁ አታርሙ። እኔ አንድ ታንኳ ቀዛፊ አርሜ፣ ከዚያ በኋላ የራሴን ቃል ብቻ እየመለሰ ይነግረኝ ጀመር።

አንድ በአንድ ጠይቁ። ሰብሰብ ባለ ሰው መሃል ሽማግሌው ከተናገሩ ሌላው ይስማማል፣ አለቀ። ዓሣ አጥማጆችንና ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ ሰዎችን አትዝለሉ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃው ላይ ናቸው።

የተርቡ እጭ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣው ልጁ፣ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድገው፣ እናቱንም አይመስልም። በወንፊት ከሣሩ ሥር ዝቃችሁ ነጭ ሳህን ላይ አውጡት፤ የተርብ ልጅ መሆኑን ሳትናገሩ ስሙን ለብቻው ጠይቁ። ስትጨርሱ ወደ ውሃው መልሱት።

የሰማችሁትን እንደተነገረው ጻፉ፣ ቦታውንና ቀኑን ጨምራችሁ። «አላውቅም» እና «ስም የለውም» የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ከ23ቱ ወደ አንዱ ሽማግሌ ተመልሼ ነበር። «ያኔ ራስህ አልነገርከኝም እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ታዲያ እርስዎ ምን ይሉታል አልኳቸው። «አይነክሰን፣ አይበላ፤ ምን ብለን ስም እናውጣለት?»

በእርሳስ ጻፍኩት፦ ስም የለውም።