ድምፁ ከምስሉ እየራቀ ለሚያስቸግራችሁ
በስልክ የተቀረፀ ቪዲዮ ዲቪዲ ላይ ስታወጡት መጀመሪያው ልክ ሆኖ፣ እየቆየ ድምፁና ምስሉ ይለያያሉ? ዲቪዲ የምታወጡበትን ሶፍትዌር አጥፍታችሁ እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፋይሉ ነው። ስልክ ሲቀርፅ በሰከንድ የሚይዘው የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል። ዲቪዲ ግን ቋሚ ቁጥር ነው የሚፈልገው፤ በሁለቱ የቲቪ ምስል ስርዓቶች፣ በፓል 25፣ በኤንቲኤስሲ 29.97።

ስለዚህ ፋይሉን አስቀድማችሁ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም አሳልፉት። ቪዲዮ የሚለው ክፍል ውስጥ ቋሚ ፍሬም ሬት ምረጡ፤ ድምፁን 48 ኪሎኸርዝ አድርጉት። የወጣውን ፋይል ለዲቪዲ ሶፍትዌሩ ስጡት። ሁለቴ መቀየር ጊዜ ይበላል፣ ጥራቱንም ትንሽ ይነካዋል። ቢሆንም ከንፈርና ቃል ከማይገናኙበት ቪዲዮ ይሻላል።

ዲስኩ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት አይኤስኦ ፋይል (የዲስኩን ሙሉ ይዘት በአንድ የያዘ ፋይል) አውጡና በቪኤልሲ ማጫወቻ ክፈቱት። ወደ መጨረሻው አካባቢ ሄዳችሁ እዩ፤ መጀመሪያው ይሸውዳል።